ለማዕድን ተልከው ሥዕል ይዘው የተመለሱት አፈወርቅ ተክሌ

ጦርነት ካለፈ በኋላ በመዝገብ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ የጠፋው ነው። የወደቀው ሰው ይቈጠራል፤ የተቃጠለው ቤት፣ የተነዳው ከብት፣ የፈረሰው ድልድይ ይጻፋል። ከመዓቱ ተርፎ፣ ዐይኑ ያየውን በልቡ ይዞ ያደገው ሕፃን ግን ኋላ ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዳሩ ግን የአንድ አገር ዕድል የሚታወቀው በወደቁት ቍጥር ብቻ አይደለም፤ የተረፉት ልጆች ያዩትን መከራ ለምን ሥራ እንዳዋሉትም ጭምር ነው እንጂ። አንዱ ያየውን ወደ ቂም ይለውጠዋል፤ ሌላው ሊረሳው ፈልጎ ፊቱን ያዞራል፤ ጥቂቱ ደግሞ ላላየው ትውልድ የሚተርፍ ሥራ ይሠራበታል። ከእነዚህ ከጥቂቶቹ አንዱ ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ነበሩ።

መርከብ ባላቸው አገሮች እንዲህ ያለው ሰው አንዳንድ ጊዜ ከባሕር ወታደሮች መካከል ይወጣል። ሩሲያዊው ቫሲሊ ቬሬሽቻጊን በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1842 ተወልዶ ከልጅነቱ ጀምሮ ለባሕር ወታደርነት ሠለጠነ፤ በዋና ከተማቸው ከነበረው የባሕር ኃይል ትምህርት ቤትም በብልጫ ወጣ። ወዲያው ግን ሹመቱን ትቶ ብሩሽ አነሣ። ከሠራዊት ጋር እየዞረ የጦርነትን ሰንደቅ ሳይሆን የጦርነትን ሬሳ ሣለ። በ1871 በጨረሰው ሥዕሉ ላይ በምድረ በዳ የተከመረ የራስ ቅልና በላዩ የሚያንዣብቡ ቍራዎች ይታያሉ፤ ሥዕሉንም ላለፉት፣ ላሉትና ለሚመጡት ድል አድራጊዎች ሁሉ መታሰቢያ ይሁን ብሎ ሰጠው። በ1904 በሩሲያና በጃፓን ጦርነት ጊዜ ከአድሚራል ማካሮቭ ጋር ተሳፍሮ ሳለ መርከቢቱ በፈንጂ ተመትታ ስትሰጥም አብሮ ሞተ። ፈረንሳዊው ፖል ጎጋንም ከ1868 እስከ 1871 በአገሩ የባሕር ኃይል ያገለገለ፣ ፈረንሳይና ፕሩሲያ ሲዋጉም በመርከብ ላይ የነበረ ሰው ነው፤ ሥዕልን የዕድሜ ልክ ሥራው ያደረገው ከዚያ በኋላ ነው።

ኢትዮጵያ ግን በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ የባሕር በርም የጦር መርከብም አልነበራትም። ጦሯ በእግሩና በበቅሎው ተጕዞ በተራራ ላይ ተዋጋ። ስለዚህ የእሷ የጦርነት ዘመን ሠዓሊ ከመርከብ የወረደ አይደለም፤ ከተራራ ወርዶ ባሕር የተሻገረ ነው እንጂ። የተላከበትና ይዞት የተመለሰው ነገርም አንድ አልሆነም። የታሪኩ ትምህርት ያለው በዚሁ ልዩነት ውስጥ ነው።

አፈወርቅ ተክሌ ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። አንኮበር ዐፄ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረች፣ ከገደል አፋፍ ላይ ሆና ቈላውን ቍልቍል የምታይ ጥንታዊት ከተማ ናት። ሕፃኑ ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻግሮ ወረረ።

የዚያ ዘመን መከራ በወሎ ምድር እንዴት እንዳለፈ ለወልድያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ሰው ማስታወስ ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት አውሮፕላን በደሴ ላይ ቦምብ ሲያዘንብ ንጉሠ ነገሥቱ በከተማይቱ ነበሩ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የተሰቀለበት ሆስፒታልም ከመመታት አልዳነም። መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ሆነ። የተሸነፈው ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ ዳር ሲመለስ ከሰማይ ቦምብና የመርዝ ጢስ ወረደበት። ጠላትም በራያና በየጁ ምድር አልፎ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ገባ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባን ያዘ። ከዚያ በኋላ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈጸመው እልቂት፣ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በደብረ ሊባኖስ መነኰሳት ላይ የወረደው ጭፍጨፋ ተከታተለ። የአድዋ ድል መታሰቢያ ሆኖ የታነጸው የአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልም በዚያው ዘመን በጠላት እጅ እሳት ተለቀቀበት።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዋና ከተማቸው ሲመለሱ አፈወርቅ ገና ዘጠኝ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ከሦስት ዓመት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያለው ጊዜ ሰው አገሩ ምን እንደምትመስል በልቡ የሚስልበት ዕድሜ ነው። በዚህ ዕድሜ የታያቸው አገር ባዕድ የሚያዝበት፣ ጐልማሳው የሚታደንበት፣ ቤተ ክርስቲያኑ የሚቃጠልበት አገር ነበረ። አገሬን መልሼ ልሥራ የሚለው ምኞት ከዚያ ዘመን ጀምሮ በልባቸው እንዳደረ ካደጉ በኋላ ይናገሩ ነበር።

ከድል በኋላ አገሪቱ ያጣችው ቤትና ድልድይ ብቻ አልነበረም። በውጭ አገር ተምረው ከጦርነቱ በፊት የተመለሱት ወጣቶች በየካቲቱ እልቂትና ከእሱ በኋላ እየተለቀሙ ተገድለው ነበር። የሠለጠነ ሰው ማጣት ከገንዘብ ማጣት የከፋ ችግር ነው፤ ገንዘብ ይበደሩታል፣ የሞተን ሐኪም ወይም መሐንዲስ ግን የሚያበድር የለም። ስለዚህ መንግሥት ወጣቶችን እየመረጠ ወደ ውጭ አገር መላክ ሲጀምር እያንዳንዱ ተማሪ የሟቾቹን ቦታ እንዲሞላ ይጠበቅበት ነበር። አፈወርቅም በኤውሮፓውያን 1947 ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። የታዘዙትም የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። በምድር ውስጥ የተቀበረውን ሀብት ቈፍሮ የሚያወጣ ባለሙያ ለደኸየች አገር ምን ያህል እንደሚያስፈልጋት ማስረዳት አያሻም።

ተማሪዎቹ ከመሄዳቸው በፊት በግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ቀርበው ተሰናበቱ። አፈወርቅ በኋላ ሲተርኩት እንደ ኖሩ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የመከሯቸው ነገር ሲመለሱ የኤውሮፓን ሕንጻ ርዝመትና የመንገዷን ስፋት እንዳያወሩ፣ ይልቁንም ኢትዮጵያን መልሶ ለመሥራት የሚበቃ ዕውቀትና ልቡና ይዘው እንዲመጡ ነበር። ይህ ቃል በስንፍና በተፈተኑ ጊዜ ሁሉ በጆሯቸው ያቃጭል እንደ ነበር ተናግረዋል።

በእንግሊዝ አገር የአዳሪ ትምህርት ቤት ኑሮ ቀላል አልሆነላቸውም። ብርዱ፣ የማያውቁት ልማድ፣ በመልክ ልዩነት የሚደርስ ንቀት ነበረ። በትምህርቱ ግን በሒሳብም፣ በኬሚስትሪም፣ በታሪክም ደኅና ውጤት ያገኙ ነበር፤ ስለዚህ ወደ ሥዕል የሄዱት ሌላው ትምህርት ስላቃታቸው አይደለም። መምህራኖቻቸው የሥዕል ስጦታቸውን አይተው አበረታቷቸው፤ እሳቸውም ብዙ ካሰቡ በኋላ ምሕንድስናውን ትተው በሎንዶን ወደሚገኘው የሥነ ጥበብና የእጅ ሥራ ማዕከላዊ ትምህርት ቤት ገቡ። ከዚያም በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ሥር ወዳለው ስሌድ ወደሚባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተሻገሩ። በዚያም ሥዕልን፣ ቅርጻ ቅርጽንና የሕንጻ ጥበብን ተማሩ።

ፍርዱ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ድኻ አገር ከእጇ ቈርሳ ለማዕድን የላከችው ልጅ ቀለም መበጥበጥ መረጠ። የዚያን ጊዜ ሰው፣ ለተራበ እንጀራ እንጂ ሥዕል ምን ያደርግለታል ብሎ ቢያዝን የሚያስነቅፈው አይደለም። ከእሳቸው አስቀድሞ አገኘሁ እንግዳ በፓሪስ ሥዕል ተምረው የተመለሱ ቢሆንም፣ ሥዕል በመንግሥት ዘንድ እንደ ሕክምናና እንደ ምሕንድስና የሚታይ ሙያ ገና አልነበረም። በሕዝቡም ዘንድ ሠዓሊ ማለት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሚሥል፣ ስሙን የማይጽፍ፣ ዋጋውን በእህል ወይም በጥቂት ብር የሚቀበል ትሑት ሰው ነበር። ስለዚህ የአፈወርቅ ምርጫ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው በምኞታቸው ሳይሆን በሥራቸው ብቻ ነበር፤ ዕዳውም በዚሁ መጠን ከባድ ነበረ።

የቅኔ ትምህርት ለዚህ ጥያቄ የሚስማማ ምሳሌ አለው። የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ የሚማረው ሰሙን ገልጦ ወርቁን ማውጣት ነው። ሰሙ በላይ ይታያል፤ ወርቁ ከሥር ይቀመጣል፤ ሰሙን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ቅኔውን ሰማ እንጂ አልተረዳም። የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሰሙ ማዕድን ነበረ፤ ወርቁ ግን ኢትዮጵያን መልሶ መሥራት ነው። ስሙ አፈ ወርቅ የሆነው ልጅ ሰሙን ትቶ ወርቁን ያዘ ማለት ይቻላል። በኦሪትም ሙሴ ድንኳኑን ሲያሠራ የተጠራው ባስልኤል ወርቁን፣ ብሩንና ናሱን እንዲሠራ፣ ዕንቍውን እንዲቀርጽ ጥበብ የተሰጠው ሰው ነበረ፤ ማዕድንና ሥዕል በእሱ እጅ አልተለያዩም። ከባርነት የወጣ ሕዝብ በምድረ በዳ ሳለ፣ ገና ቤትና እርሻ ሳይኖረው፣ የጥበብ ሥራ እንዲሠራ መታዘዙ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። እንጀራ ሰውነትን ያቆማል፤ ሕዝብ ግን ራሱን የሚያይበት መልክ ከሌለው እንጀራ በልቶም ማንነቱን ሊረሳ ይችላል። በተለይም አምስት ዓመት ሙሉ አንተ አረመኔ ነህ ሲባል የኖረ ሕዝብ መልኩን የሚመልስለት ሰው ያስፈልገው ነበር።

አፈወርቅ ትምህርታቸውን ፈጽመው ሲመለሱ ሹመት መቀበል ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ሹመቱን ትተው በጠቅላይ ግዛቶቹ ሁሉ መዞር ጀመሩ፤ በአንዳንዱ ቦታ እስከ ሦስት ወር ድረስ እየተቀመጡ የሕዝቡን መልክ፣ አለባበስ፣ በዓልና ታሪክ አጠኑ። በኢትዮጵያ ምድር የሚኖር የኤውሮፓ ሠዓሊ መሆን አልፈልግም የሚል አሳብ ነበራቸውና። በኤውሮፓውያን 1954 በሃያ ሁለት ዓመት ዕድሜያቸው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የሥራቸውን የመጀመሪያ ትርኢት አቀረቡ። ከትርኢቱ ባገኙት ገንዘብ እንደ ገና ባሕር ተሻግረው በኢጣሊያ፣ በስፔን፣ በፖርቱጋል፣ በእንግሊዝና በግሪክ ሁለት ዓመት ያህል ተማሩ፤ በመስተዋት ላይ የሚሠራውንም ሥዕል ያን ጊዜ ለመዱ።

በዚህ ሁለተኛ ጕዞ ያደረጉት አንድ ነገር ለወሎ ሰው የተለየ ትርጕም አለው። በሎንዶን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን ሥዕል ያለባቸው የኢትዮጵያ ብራናዎች እየፈለጉ መረመሩ። በሎንዶን ካሉት ብራናዎች ሦስት መቶ ሃምሳ ያህሉ ከወሎ ተራራ፣ ከመቅደላ የሄዱ ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ የወሰዳቸው መጻሕፍት ከዘጠና ዓመት ገደማ በኋላ ለአንድ የአንኮበር ልጅ መምህር ሆኑት። የገዛ አባቶቹን ሥዕል ለማየት ከባዕድ ዘበኛ ፈቃድ መጠየቅ የሚያሳዝን ነው፤ ነገር ግን በዚያ ቍጭት ሳይቀሩ መጻሕፍቱ ያስቀመጡትን ጥበብ በዐይናቸው ቀድተው ወደ አገሩ መለሱት።

የጥንት ሠዓሊዎች ሕግ ምን እንደ ነበረ ጥቂት መናገር የአፈወርቅን ሥራ ለመረዳት ይጠቅማል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሸራውን በግድግዳው ላይ ለጥፎ ይሥላል። ጻድቁን በሁለት ዐይኑ ሙሉ ፊቱን ያሳያል፤ ከሓዲውንና ጨካኙን ግን በአንድ ወገን፣ በአንድ ዐይኑ ብቻ ይሥለዋል። ዐይኖቹ ትልልቅ ናቸው፤ ቀለሞቹ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆነው ሳይደባለቁ ጐን ለጐን ይቆማሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ዘንዶውን ይወጋል። ፊደል ለማያውቀው ምእመን ይህ ሁሉ መጽሐፉ ነው። አፈወርቅ በስሌድ የተማሩት የብርሃንና የጥላ፣ የቅርብና የሩቅ አሣሣል ሌላ ነው። ሁለቱን ሳያጣሉ በአንድ ሥራ ማኖር የዕድሜያቸው ትግል ሆነ።

ይህን ትግል ለመፈተን እንደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ያለ የሚስማማ ቦታ አልነበረም። ታቦቱ አድዋ የዘመተ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የነገሡበት፣ ጠላት በእሳት የበቀለው፣ ከድል በኋላ የታደሰ ቤት ነው። የግድግዳ ሥዕሉንና ከጠጠር የሚገጣጠመውን የሞዛይክ ሥራ እንዲሠሩ አፈወርቅ ታዘዙ። ሲቃጠል ሕፃን የነበረው ሰው አድጎ ያንኑ ቤት ሣለው። በአገር ታሪክ ውስጥ የተቃጠለን ነገር መልሶ መሥራት ብዙ ጊዜ ለልጅ ልጅ የሚቀር ዕዳ ነው፤ በዚህ ግን ያየው ትውልድ ራሱ ከፈለው። ንግሡን የሚያሳየው ሥዕላቸው እስከ ዛሬ በዚያው አለ።

ሁለተኛው ታላቅ ሥራቸው በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያሉት የመስተዋት ሥዕሎች ናቸው። አዳራሹ በኤውሮፓውያን 1961 ተመረቀ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው በዚያው ነው። ሥዕሎቹ ሦስት ሆነው በአንድነት 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናሉ። የመስተዋት ሥዕል ከሌላው ሥዕል የሚለየው ብርሃን የሚያገኘው ከፊቱ ሳይሆን ከኋላው ስለ ሆነ ነው። ሠዓሊው አስቀድሞ በወረቀት ይነድፈዋል፤ ከዚያ ባለ ብዙ ቀለሙ መስተዋት በንድፉ ልክ ተቈርጦ ይገጣጠማል። ፀሐይ ስትወጣ ሥዕሉ ይነሣል፤ ስትጠልቅ ይተኛል። ሦስቱ ክፍሎች ያለፈውን የአፍሪካን ኀዘን፣ የአሁኑን ትግልና የሚመጣውን ተስፋ ይናገራሉ። ዘንዶውና ፈረሰኛው፣ ችቦ የያዙት የሀገር ልብስ የለበሱ ሰዎች በዚያ ይታያሉ። ፈረሰኛው ከወዴት እንደ መጣ ለማንም የኢትዮጵያ ምእመን አይሰወርም፤ ከየደብሩ ግድግዳ የወረደው ነው። ነገር ግን አሁን የሚያድናት የቤሩትን ልጅ ብቻ አይደለም፤ አህጉርን በሙሉ ነው። ይህ አዳራሽ ለዓመታት ሲታደስ ቈይቶ በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር እንደ ገና ተከፍቷል፤ መስተዋቶቹም ተጠግነው ያበራሉ።

ሌላውን ሥራቸውን ሁሉ መዘርዘር ረጅም ነው። እስከ 2012 ዓ.ም. በሐረር ቆሞ የነበረው የልዑል ራስ መኰንን ሐውልት የእሳቸው ነበር፤ በሐረር የጦር አካዳሚ የነበረውንም የመስተዋት ሥዕል ሠርተዋል፤ ሥዕሎቻቸው በፖስታ ቴምብር ላይ ታትመው በየአገሩ ዞረዋል። «የመስቀል አበባ» የተባለው ሥዕላቸው በውጭ አገር ትርኢቶች ታይቷል። በኤውሮፓውያን 1964 ለሥነ ጥበብ የተመደበውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙ እሳቸው ናቸው። በ1981 ደግሞ የገዛ መልካቸውን የሣሉበት ሥዕል በፍሎሬንስ ከተማ ኡፊዚ በሚባለው ሙዚየም ከዓለም ሠዓሊዎች የራስ መልክ ጋር ተቀመጠ። የወረራ ዘመን ልጅ መልክ በወራሪው አገር በክብር መቀመጡ ያለ ቂም የተገኘ ድል ነው። በአዲስ አበባ ቪላ አልፋ ብለው የሠሩት ቤታቸውም በውስጡ ሥዕሎቻቸውን የያዘ፣ ራሱም የተማሩት የሕንጻ ጥበብ ምስክር ነው።

ሥራቸውን የሚነቅፉ አልጠፉም። በዘውዱም ጊዜ በደርግም ጊዜ ከዚያም በኋላ የመንግሥት ሥራ እየተቀበሉ ኖረዋልና፣ አንዳንዶች ሥዕላቸው ከሰው ጓዳ ይልቅ ለአደባባይ ያደላል ይላሉ። ነቀፋው ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ የአደባባይ ሥዕል ሁሉን ለማስደሰት ሲል የአንዱን ሰው ልቅሶ ሊዘነጋ ይችላል። ነገር ግን አፈወርቅ ያደጉበት ዘመን አደባባዩ ራሱ የተቀማበት ዘመን ነበር። የገዛ አገሩ አደባባይ በባዕድ ሰንደቅ ተይዞ ያየ ልጅ ሲያድግ በአደባባይ የሚታይ ሥራ መውደዱ የሚያስገርም አይሆንም። ጓዳውን የሚሥል ደግሞ ከእሳቸው በኋላ ይመጣ ዘንድ ነበረው፤ መጣም።

ከመጡት አንዱ የወልድያ ልጅ ነው። ሠዓሊ ታደሰ መስፍን በኤውሮፓውያን 1953 በወልድያ ተወለዱ። አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከገብረ ክርስቶስ ደስታ እግር ሥር ተምረው፣ ወደ ሌኒንግራድ ተሻግረው፣ ሲመለሱም በዚያው ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት አስተማሩ። ሥዕላቸው የታወቀው የጉልት ነጋዴ ሴቶችን በማሣሉ ነው። በየጁ ገበያ፣ በመርሳ መንገድ ዳር ብርቱካንና ማንጎ በትንሽ መደብ ደርድራ የምትሸጥ እናትን ሁሉም ያያታል፤ ማንም ግን ቀና ብሎ አያያትም። ታደሰ እነዚህን ሴቶች ረጃጅም አድርገው አቁመው፣ የቤት ጣሪያ እንደሚሸከም ምሰሶ ሣሏቸው፤ የሕይወት ዓምዶች ብለውም ሰየሟቸው። አፈወርቅ ነገሥታቱንና አህጉሩን ያቆሙበትን ቁመት ታደሰ ለጉልት ሴት ሰጧት። ሁለቱ ሥራዎች አይጣሉም፤ ልጅ ከአባቱ ቀጥሎ እንደሚሠራ ናቸው።

አፈወርቅ ተክሌ ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. በሰባ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ፤ በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም ተቀበሩ። ለማዕድን የላከቻቸው አገር ከእጃቸው ከምድር የወጣ ማዕድን አላገኘችም። ነገር ግን የተቃጠለ ቤተ ክርስቲያኗ ተሣለ፤ የተወሰዱ መጻሕፍቷ ጥበብ ተመለሰ፤ የአህጉሩ ነጻ መንግሥታት የተሰበሰቡበት አዳራሽ በልጇ ሥራ በራ። ሒሳቡ ሲተሳሰብ አልከሰረችም።

ከእሳቸው ዕረፍት በኋላ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ጦርነት እንደ ገና በዚህ አገር አለፈ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ወልድያ በጦርነቱ እጅ ወደቀች፤ መርሳና የሀብሩ ገጠርም ከመከራው ተካፈሉ፤ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ሕዝቡ በሥጋት፣ በረኃብና በስደት ከረመ። ያን ጊዜ ሦስት ወይም ስምንት ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ያየውን አይቷል፤ ከዐይኑ መልሶ ማውጣት የሚችል የለም። የሚቻለው ያየውን ለበጎ የሚያውልበትን መንገድ መክፈት ነው። ስለዚህ በደብተሩ ጠርዝ፣ በግድግዳ ላይ በከሰል የሚሥለውን ልጅ ወረቀት አበላሸህ፣ ቤት አቈሸሽህ ብሎ ከመቅጣት በፊት ወላጅም መምህርም ቆም ብለው የሣለውን ይዩለት፤ ቀለምና ወረቀት መግዛት ከሌላው ወጪ የበለጠ አይደለም። በሥዕል ያጌጡ ደብሮች ባሉበት አካባቢ ያሉ መምህራን ልጆቹን ወስደው ግድግዳውን ያሳዩ፤ ጻድቁ ለምን በሁለት ዐይኑ፣ ከሓዲው ለምን በአንድ ዐይኑ እንደ ተሣለ ያስረዷቸው። የየደብሩ ካህናትም ግድግዳውን የሣለው ሰው ማን እንደ ነበረ ከሽማግሌዎች ጠይቀው ስሙን በደብሩ መዝገብ ይጻፉት። የጥንቶቹ ሠዓሊዎች በትሕትና ስማቸውን ስላልጻፉ ብዙዎቹ ጠፍተዋል፤ የሚመጡት እንዳይጠፉ ማድረግ ግን የዛሬው ሰው ሥራ ነው።